ከስድስት ኪሎ በግማሽ ቀን የሚደረስበት ትራውት አለ?

ጥያቄ፦ «ስድስት ኪሎ አካባቢ የምኖር መምህር ነኝ። ኮሎራዶ ያለው ታናሽ ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ 5 ቁጥር የዝንብ ማጥመጃ ዘንግ ከነሙሉ ዕቃው አመጣልኝ፤ «ዝንብ» የሚሉት መንጠቆ ላይ በክርና በላባ የሚሠራ፣ ነፍሳት መስሎ ዓሣ የሚያታልል ነገር ነው። እሱ ከሥራ ሲወጣ ሰፈሩ ወዳለ ኩሬ ይሄድና ሰው ያስገባውን ትራውት የሚባል የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ለሁለት ሰዓት አጥምዶ ቤቱ ይገባል። እኔ ያለኝ ጊዜ ቅዳሜ ከማለዳ እስከ 9 ሰዓት ነው፤ መኪና የለኝም። ለአዲስ አበባ ቅርብ የሆነ ትራውት የተጨመረበት ውኃ የት አለ? ከሌለስ ይህን ዘንግ ምን ላድርገው?»

መምህር፣ አጭሩ መልስ «የለም» ነው። ቅዳሜ ሄደው ቅዳሜ በሚመለሱበት ርቀት ትራውት የለም። ረጅሙ መልስ ግን ዘንጉን ከቁም ሣጥን ላይ እንዲያወርዱ ያደርግዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከቤትዎ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ልክ እንደ ወንድምዎ ኩሬ ሰው ያስገባው ዓሣ የሚኖርበት ውኃ አለና። ዓሣው ሌላ ዓይነት ነው፤ ጠባዩም ሌላ ነው። እኔ ዓሣ ማራባት ሥራዬ፣ ማጥመድ ደግሞ ሱሴ ስለሆነ ከሁለቱም ወገን እመልስልዎታለሁ።

አስቀድሞ ስለ ትራውቱ። በአገራችን ትራውት ያለው ባሌ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቀቀ። ለኬንያም ቢሆን ባዳ ነበር፤ ቡናማው ትራውት እዚያ የገባው በ1905 (እ.ኤ.አ.) ከስኮትላንድ ተጭኖ ነው። ስለዚህ በዌብና በዳንካ ወንዞች የሚዋኘው ዓሣ ሁለት ጊዜ የተሰደደ እንግዳ ነው። ይሁንና ውኃው ተስማምቶት ራሱን ችሎ ይራባል። የባሌ ተራሮች ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ዲንሾ ደግሞ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለቅዳሜ የሚሆን መንገድ አይደለም።

«አዲስ አበባም ብርድ ናት፤ ለምን እዚሁ አይለቀቅም?» የሚለውን ጥያቄ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ አላስታውስም። እኛ ብርድ የምንለው የሌሊቱን አየር ነው። ዓሣ የሚኖረው ውኃ ውስጥ ነው፤ ቀን ፀሐይ ያሞቀው ኩሬ ደግሞ ሌሊት በአንድ ጊዜ አይበርድም። ቀስተ ደመና የሚባለው የትራውት ዓይነት፣ ማለትም የወንድምዎ ዓሣ፣ የሚደላው ውኃው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ከ20 ሲያልፍ መብላት ይቀንሳል፣ ይጨነቃል፤ 25 አካባቢ ሲደርስ ይሞታል።

ከሙቀቱ ጋር የኦክስጅን ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚረሳውም ይህንን ነው። በባሕር ወለል ከፍታ 10 ዲግሪ የሆነ ውኃ በሊትር 11 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። 20 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 9 ይወርዳል። አሁን ያንን 20 ዲግሪ ውኃ ወደ አዲስ አበባ ከፍታ ያውጡት። እዚህ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል የቀነሰ ስለሆነ ውኃው ከ7 ሚሊግራም በታች ነው የሚይዘው። እንጦጦ ዳገት ላይ እርስዎን የሚያጥርዎት ትንፋሽ ዓሣውንም ያጥረዋል። የባሌ ወንዞች ከአዲስ አበባም ከፍ ያሉ ናቸው፤ ነገር ግን ቀዝቃዛና በድንጋይ ላይ እየተሰባበሩ የሚወርዱ ስለሆኑ ያጡትን ኦክስጅን ሲፈስሱ ይተካሉ። የቆመ ኩሬ ይህን አያደርግም።

ሦስተኛው ነገር እርባታው ነው። ትራውት እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ውኃ በሚያልፍበት ጠጠር ውስጥ ነው። በ10 ዲግሪ እንቁላሉ እስኪፈለፈል አንድ ወር ያህል ይወስዳል። በዚያ ወር ውስጥ ደለል ከለበሰው ታፍኖ ይቀራል። የቀበናን ወንዝ በየዕለቱ የሚሻገሩ ይመስለኛል፤ በውስጡ ምን እንደሚወርድ እኔ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ገፈርሳና ለገዳዲ ንጹሕ ናቸው ይሉኝ ይሆናል። እነርሱ የከተማው የመጠጥ ውኃ ግድቦች ናቸው፤ እዚያ ዘንግ ይዘው ቢታዩ የሚገጥምዎት ዓሣ ሳይሆን የጥበቃ ሠራተኛ ነው።

የወንድምዎ ኩሬም ቢሆን ተአምር የለውም። ቀስተ ደመና ትራውት የሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ ወንዞች ልጅ ነው፤ ለኮሎራዶም መጤ ነው። በሲሚንቶ ገንዳ በእንክብል መኖ ያድጋል፣ በታንከር መኪና ተጭኖ ይመጣል፣ ኩሬው ውስጥ ይገለበጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃ ላይ ጠብ ያለ ነገር ሁሉ መኖ ስለሚመስለው የቀረበለትን ይነክሳል። ከተረፈ ይነቃል። በጋው ሲሞቅ ውኃው ስለማይመቸው እንደገና የሚጨመረው ሲቀዘቅዝ ነው። ሰው እንዲያጠምደው ተብሎ የተቀመጠ ዓሣ ነው፤ ይህን ለማንቋሸሽ አልልም፤ ከሥራ የወጣ ሰው ሁለት ሰዓት እንዲዝናናበት የታሰበ መልካም ሥራ ነው። ለእኛ አገር ግን ይህ ይለመድ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ቀስተ ደመናውም ቡናማውም ትራውት ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ካወጣው የ100 እጅግ ጎጂ መጤ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ናቸው። ሥጋ በል በመሆናቸው የገቡበትን ወንዝ ነባር ዓሣና ነፍሳት ይጨርሳሉ። ባሌ ያለው ይበቃናል።

እንግዲህ ወደ ቢሾፍቱ እንሂድ።

ባቦጋያ፣ ሆራና ቢሾፍቱ ሐይቅ እሳተ ገሞራ የፈነዳባቸው ጉድጓዶች ናቸው። የሚገባባቸውም ሆነ የሚወጣባቸው ወንዝ የለም፤ ዓሣ በራሱ ዋኝቶ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። ዛሬ የምናገኘው ቆሮሶ ሰው አምጥቶ የለቀቀው ነው። ቆሮሶ ማለት በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ዝም ብሎ «ዓሣ» የሚባለው፣ በሁዳዴ ወረፋ የሚያስይዘው፣ በመጽሐፍ የናይል ቲላፒያ የሚባለው ነው። እርስዎ የጠየቁት «የተጨመረ ዓሣ ለቤት ቅርብ» ከሆነ ይኸውልዎት። ጫጩቱን በማራባትና ለግድቦችና ለኩሬዎች በማዳረስ ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ሲሠራ ኖሯል።

አሁን የራሴን ውርደት ልንገርዎት፤ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል። መጀመሪያ ባቦጋያ ዳር የዝንብ ዘንግ ይዤ የቆምሁ ቀን፣ ከባሌ የተመለስሁበት ሰሞን ነበር። ለትራውት የተማርሁትን ሁሉ አደረግሁ። ከንጋት በፊት ደረስሁ፣ ቡናማ ላባ ያላት ትልቅ ዝንብ አሰርሁ፣ ሩቅ ወረወርሁ፣ ክሩን በግራ እጄ ሸርተት እያደረግሁ ሳብሁ፣ እንደገና ወረወርሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል። ምንም። ከእኔ ሃያ እርምጃ ወዲያ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ በሸምበቆ ዘንግ፣ ናይለን ክርና ትል ስድስት ዓሣ ይዞ በሣር ሰክቷቸዋል። በመጨረሻ አዘነልኝ መሰለኝ ጠጋ አለና «ጋሼ፣ ውኃውን ለምን ትገርፈዋለህ?» አለኝ። እንዴት እንደማጠምድ ላስረዳው ሞከርሁ። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያም ቡሹን፣ ማለትም ክሩ ላይ የምትንሳፈፈውን ምልክት፣ በጣቱ እያሳየኝ «እሱ እኮ አያሯሩጥም፤ ቁጭ ብሎ ነው የሚበላው» ብሎኝ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ልጁ በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገረውን እኔ በትምህርት ቤት ስንት ገጽ አንብቤዋለሁ፤ እጄ ላይ ግን አልደረሰም ነበር። ትራውት አዳኝ ነው። ቆሮሶ ግጦሽ ወጪ ነው። የሚኖረው ባብዛኛው በአልጌና ከሥር በሚዘቅጥ ብስባሽ ነው። አንጀቱ ሲዘረጋ የሰውነቱን ርዝመት ብዙ እጥፍ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ቅጠል በል ረጅም አንጀት ያስፈልገዋል። በግጦሹ መሐል የነፍሳት እጭ ሲያገኝ ግን አይተውም። የቢሾፍቱ ሐይቆች ጭቃ ደግሞ የማትናከሰው የውኃ ትንኝ እጭ አለበት፤ እነዚህ እጮች ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ለመኖር እንደ እኛ ደም ያለ ቀይ ንጥረ ነገር ስላላቸው ብዙዎቹ ቀያይ ናቸው። የእርስዎ ዝንብ እሷን መምሰል አለባት። የምትበር ሳትሆን ጭቃ ውስጥ የምትርመሰመስ ቀይ ክር።

መሥራቱ አምስት ደቂቃ ነው። 14 ቁጥር መንጠቆ በትንሽ ጉጠት ይያዙ። ከመርካቶም ሆነ ከሰፈር ሱቅ የተገዛ ቀይ የጥልፍ ክር ይሰንጥቁና ከስድስቱ ዘለላ አንዱን ብቻ ይውሰዱ፤ ስድስቱን ከጠቀለሉ እጭ ሳይሆን ቃሪያ ነው የሚሆንብዎት። ከመንጠቆው ቀዳዳ ጀምረው እስከ ጉብጠቱ ይጠቅልሉ፣ ይመለሱ። ከተቃጠለ የስልክ ቻርጀር ገመድ ውስጥ ፀጉር የመሰለ የመዳብ ሽቦ ያገኛሉ። እሱን በቀዩ ላይ እንደ መቀነት አራት አምስት ጊዜ አራርቀው ያዙሩት፤ የእጩን አንጓ ይመስላል፣ ዝንቧንም ያሰምጣታል። ከላይ ጥቁር ክር ሁለት ዙር ለጭንቅላቷ። በጥፍር ቀለም አንድ ጠብታ ይለጥፉት፤ ባለቤትዎን አስፈቅደው ነው ታዲያ። በቃ። ወንድምዎ ሣጥን ሙሉ ባለ ክንፍ ዝንብ ልከውልዎት ከሆነ ለጊዜው ይዝጉት።

አጠማመዱ ከልጁ የተለየ አይደለም፤ ዕቃው ብቻ ይለያል። በክርዎ ጫፍ ያለው ስስ ናይለን ሁለት ኪሎ የሚችል ቢሆን ይበቃል። ከዝንቧ በላይ አንድ ሜትር ከሩብ ያህል ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቡሽ ያድርጉ። አሥር ሜትር ከወረወሩ ሩቅ ነው፤ ቆሮሶ ለዳርቻው ቅርብ ነው። ከዚያ እጅዎን ያሳርፉ። አይጎትቱ። ነፋሱ ራሱ ቡሹን ቀስ እያለ ይገፋዋል፤ እሱ የሚሰጣት እንቅስቃሴ ለዝንቧ በቂዋ ነው።

ዓይንዎን ከቡሹ አይንቀሉ። ትራውት ቢሆን ቡሹ ይሰምጣል። ቆሮሶ ግን ዝንቧን ከጭቃው ጋር ይመጥጣትና ካልጣመችው ይተፋታል፤ የሚያዩት ቡሹ ከሌላው ሞገድ በተለየ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ወይም ነፋሱ ወደ ቀኝ ሲገፋው እሱ ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ ሲንሸራተት ነው። ያን ጊዜ ዘንጉን በእርጋታ ቀና ያድርጉ። በኃይል ካነሡት ከስሱ ከንፈሩ ይነቅሉታል። እኔ ይህን ለመልመድ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል፤ የመጀመሪያዋን ስይዝ አንድ ጎልማሳ ከሐይቁ ማዶ አጨበጨበልኝ፤ ለካ ጠዋቱን ሙሉ ሲያየኝ ኖሯል።

ስለ ሰዓቱ የትራውት መጻሕፍት የሚሉትን ይርሱት። ንጋት ላይ የሐይቁ ዳር ቀዝቃዛ ነው፤ ቆሮሶ ደግሞ ሙቀት ወዳድና በቀን የሚበላ ዓሣ ነው። የሚነቃቃው ፀሐይ ዳርቻውን ስታሞቀው ነው። በሌላ በኩል ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ነፋስ ላይ የዝንብ ክር የሚወረውር ጀማሪ የገዛ ጆሮውን ነው የሚያጠምደው። የቀረዎት ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው። ለእርስዎ ቅዳሜ ከዚህ የተስማማ ጊዜ አይገኝም። ከስድስት ኪሎ 12 ሰዓት ተኩል ይውጡ፣ ቃሊቲ መነኸሪያ የቢሾፍቱ ሚኒባስ ይያዙ፣ ከከተማው ባጃጅ። ዘንጉ በቧንቧ መያዣው ውስጥ ስለሚሆን በፍተሻ ላይ ጥያቄ ያስነሣል፤ ክዳኑን ቀድመው ይክፈቱና ያሳዩ፤ «የዓሣ ነው» ሲሏቸው ሳቅ ብለው ያሳልፉዎታል።

ዳርቻው በአብዛኛው በሎጆችና በግል ግቢዎች የተያዘ ነው። በር ላይ ደርሶ ከመከራከር ዋዜማውን ደውሎ ማስፈቀድ ይሻላል። ቁርስ ከበሉበት ወይም ቡና ከጠጡበት ብዙዎቹ አይከለክሉም። አገሪቱ የዓሣ ሀብት አዋጅ አላት (ቁጥር 315/1995)፤ ክልሉም የራሱ ደንብ አለው፤ ደጋግመው የሚሄዱ ከሆነ የከተማውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ውኃው ላይ ባዶ ሃይላንድ ተደርድሮ ሲንሳፈፍ ካዩ ከሥሩ የአጥማጆች መረብ አለ። ከዚያ ይራቁ። እነርሱ ለእንጀራቸው ነው የወጡት። በኢሬቻ ሰሞን ሆራ አርሰዲ ዳር ዘንግ ይዘው አይታዩ፤ ቦታው የምስጋና ቦታ ነው።

ውኃ ውስጥ አይግቡ። ወንድምዎ እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ልከውልዎት ከሆነ ለክረምት ጎርፍ ያቆዩት። እነዚህ ሐይቆች እንደ ጎድጓዳ ገበቴ ሳይሆኑ እንደ ጀበና ናቸው፤ ከዳሩ ጥቂት እርምጃ ወርደው መሬቱ ይጠፋል። ቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር፣ ባቦጋያ 65 ሜትር ያህል ጥልቀት አላቸው።

ይህ ጥልቀት ሌላም መዘዝ አለው። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ከታች ያለው ውኃ ኦክስጅን ያጣል፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝም ያጠራቅማል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲበርድ የላዩ ውኃ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፤ ነፋስ ሲታከልበት የታቹ ወደ ላይ ይገለበጣል። ያኔ ዓሣው አፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ ሲያለከልክ ያያሉ፤ አንዳንድ ዓመት በብዛት ሞቶ ይንሳፈፋል። እንዲህ ያለ ቀን ከገጠመዎት ዘንጉን አይክፈቱ። የተንሳፈፈውንም ሰው ቢሸጥልዎ አይግዙ።

ሲይዙ አንድ ነገር ይመልከቱ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቷን በአፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ አንድ ሁለት ሳምንት ያህል እህል ሳትቀምስ። መንጠቆ ሲነቅሉ ከአፏ ቢጫ ፍሬ ከወጣ ወዲያው ከውኃው ሳያርቁ ይልቀቋት። ወንዱ በበኩሉ ጥልቀት በሌለው ቦታ አሸዋ ጠርጎ እንደ ሰሐን ክብ ጎጆ ይሠራል፤ በላዩ የመጣን ሁሉ ስለሚያባርር ዝንብም ይነክሳል። እሱን ማጥመድ በጣም ቀላል ነው፤ እኔ አላደርገውም። የቤት ሰው ከበሩ ላይ እንደማስነሣት ይሆንብኛል።

አሁን ወደ አወራወሩ፤ እዚህ ላይ ስድስት ኪሎ መኖርዎ ዕድል ነው። ጃንሜዳ አጠገብዎ ነው። ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ሯጮቹ ሲዞሩ እርስዎ ከዳር ይቁሙ። ዝንቧን ያውጡና በቦታዋ ቀይ የሹራብ ክር ይቋጥሩ፤ የሰው ዓይን አያጠፋም፣ በሣሩም ላይ ይታያል። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ለሁለት ሳምንት ከሠሩ ለቢሾፍቱ ደርሰዋል። የሚያዩዎት ሰዎች ይጠይቁዎታል። «ዓሣው የታለ?» የሚለው ቀልድ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አሥር ጊዜ ይደርስዎታል፤ ይልመዱት።

የዝንብ ማጥመጃ ከሌላው የሚለየው በአንድ ነገር ነው። በተራ ዘንግ የሚወረወረው እርሳሱ ወይም ቡሹ ነው፤ ክሩ ይከተለዋል። እዚህ ዝንቧ ክብደት የላትም፤ የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ራሱ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ሲያነሡት ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ መጠበቅ አለብዎት፤ ካልተዘረጋ ወደፊት የሚጎትተው ነገር የለውም። ልጅ ሆነው ለቡሄ ጅራፍ ገርፈው ከሆነ ስሜቱን ያውቁታል፤ ግን ተገላቢጦሹን ያድርጉ። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ሳይዘረጋ በድንገት ሲመለስ ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል፤ የዝንብ ክርም ከኋላዎ «ጧ» ካለ ቸኩለዋል ማለት ነው፤ ሐይቅ ዳር ቢሆን ዝንቧ ተበጥሳ ከኋላዎ ያለው ግራር ላይ ቀርታ ነበር። የባቦጋያ ግራሮች በእኔ ዝንቦች ያጌጡበት ዘመን ነበር።

የወንድምዎ መመሪያ ምናልባት «ዘንጉን ከ10 እስከ 2 አንቀሳቅስ» ይላል። ይህ በሰዓቱ ፊት ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው እንጂ እኛ የምንጠራው ሰዓት አይደለም። አንድ ተማሪዬ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ነው ብሎ ከሰዓቱ ፊት 4 ቁጥርን ይዞ ዘንጉን መሬት እያስመታ ሲለማመድ አግኝቼዋለሁ። ከግንባርዎ ፊት ትንሽ፣ ከጆሮዎ ኋላ ትንሽ፤ ከዚያ አያሳልፉ። ክንድዎን ሳይሆን ከክርን በታች ያለውን ያሠሩ። በብብትዎ ጋዜጣ ይያዙና ሳይወድቅ ይወርውሩ፤ ከወደቀ ትከሻዎ እየሠራ ነው።

ባሌንስ? ይሂዱ፤ ግን በሚቀጥለው ዓመት። በኅዳርና በየካቲት መካከል ዝናቡ ጋብ ሲልና ወንዙ ሲጠራ፣ ቢያንስ አራት ቀን ይዘው። ዲንሾ ከሚገኘው ከፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይወስዳሉ፣ አስጎብኚ ይመደብልዎታል። ያኔ ዝንቧን የማሯሯጥ ነገር ሁሉ ትክክል ይሆናል፤ አዳኝ ዓሣ ነውና። ባለ ክንፎቹንም ዝንቦች ያኔ ያውጧቸው።

ሐይቁ ሶዳማ ስለሆነ ቤት ሲገቡ ክሩንና ማጠንጠኛውን በቧንቧ ውኃ ያለቅልቁ፤ ካልሆነ በወራት ውስጥ ማጠንጠኛው አልዞር ይላል። ለወንድምዎም እንዲህ ብለው ይጻፉላቸው፦ 14 እና 16 ቁጥር መንጠቆ ሃምሳ ሃምሳ፣ ሁለት ኪሎ የሚችል ስስ ናይለን ሁለት ጥቅል። ዝንብ ግን አይላኩ። ለባሌ የሚሆነውን ደረቅ ዝንብ፣ ማለትም ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን፣ ለመሥራት የፈረንጅ አጥማጆች በውድ የሚገዙት ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ የእኛው ገብስማ ዶሮ ነው። ጠንቋይ ብቻ የሚያዝዛት እንዳይመስልዎት። ለእንቁጣጣሽ ሾላ ገበያ ሲወርዱ ገብስማ አውራ ይምረጡ፤ ከመነጨቱ በፊት የአንገቱን ቆዳ ከነላባው አስገፍፈው ጨው ነስንሰው ጥላ ላይ ያድርቁት። ወጡ አይጎድልበትም።